እንግዳ አይቀደምም

ሚዛን ልመረምር፣ ማኅተም ልመታ፣
ደሴ የገባሁት ቅዳሜ ነው፣ ማታ።
በሻንጣዬ ሆድ ውስጥ የነሐስ ክብደቶች፣
የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሁለት ሸሚዞች፣
ከሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣
ገና የሐዋሳን አሸዋ ያዘለ
የሩጫ ጫማዬ።

የአልጋ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ አራጌ አይተውት
«ሯጭ ነህ እንዴ?» አሉኝ፣ በጣት እየነኩት።
«ለጤና ነው» አልኩኝ።
«ለጤና ከሆነማ
ሌሊት አሥራ አንድ ላይ ቧንቧ ውሃ ቁማ፤
ጦሳን የሚወጡ ልጆች አሉ እኛ ጋ፣
እሑድ አይቀሩም ብርዱ ቢወጋ።»

ቆምኩኝ። ጨለማ ነው። ከአዝዋ ገደል ሥር
ጭጋግ እየወጣ አስፋልቱን ሲያጥር፣
አንዱ ባትሪ ይዞ፣ አንዷ ሻሿን አጥብቃ፣
አንዱ እያዛጋ፣ ዐይኑ ገና ሳይነቃ፣
ስምንት ሆነው መጡ። «ማነህ? ከየት?» አሉኝ።
«ማቴዎስ፣ ከሐዋሳ።» «ምን እግር ጣለህ?» ሲሉኝ
«ሥራ» ብዬ ዘለልኩት፤ ከሰው ጋር ለመዋል
«የሚዛን መርማሪ»፣ ስሙም ይከብዳል።

ዳገቱ ሲጀምር ፊቱን እኔ ያዝኩት፤
ማንም አልቀደመኝ። ባሕር ዛፉን አለፍኩት፣
ድንጋዩን ዘለልኩት፣
«ደሴን ጉድ ሠራኋት!» ብዬ በልቤ ፎከርኩት።
ሳንባዬ ወናፍ ነው፣ ጉሮሮዬ ቃጠሎ፣
ጉልበቴ «ይብቃህ» ይላል ተንቀጥቅጦ፣ ዝሎ።
ከኋላዬ ግን ወሬ፤ የጤፍ ዋጋ ንሮ፣
የቤት ኪራይ ጨምሮ፣ አንዱ ልጁን ድሮ፣
ሙሽራው ሲጨፍር ሱሪው ተተርትሮ፣
ደግሞ ሳቅ፣ ረጅም ሳቅ፣
ከትንፋሽ የተረፈ፣
ዳገቱን ሳይቆጥር ከእኔ ቀድሞ ያለፈ።

አናቱ ላይ ደረስኩ። ሣሩ ላይ ተዘረርኩ።
ሰማዩ ዞሮ እስኪቆም ሰዓቴን አቀፍኩ፤
አንደኛ!
እነሱ? ላብ አልነካቸውም፣
የሹራባቸው ዚፕ ዝቅ እንኳ አላለም።
ከታች ቆርቆሮው ሁሉ በጭጋግ ሰጥሞ
አንድ ባጃጅ ብቻ ያጓራል፣ ታሞ።
«ምነው፣» አልኩ፣ «ዛሬ ቀስ አላችሁ?»
ተያዩ።
ጦይባ ከኪሷ ቆሎ እየዘገነች
«እንግዳ አይቀደምም» አለች።
እንዲህ ነው፣ በቃ። እንደ ሰላምታ።
አንደኝነቴ አፌ ውስጥ ከቆሎው ጋር ተፈጨ፣
ጆሮዬ እስኪግል ደሜ ፊቴ ላይ ተረጨ።

እንድሪስ አጎንብሶ፣ የጫማውን ክር
ቀይ ነው፣ የእቃ ገመድ፣ ጠበቅ ሲያደርግ ነበር፤
«እንግድነት እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል»
አለና ተወረወረ።
ስምንቱም! ናዳ ነው፤ ጠጠሩ ይዘላል፣
ቁጥቋጦው ይንኳኳል፣ ጭቃው ይበተናል፤
እኔ በቂጤ ሄድኩ፣ በእጄ ሣር ጨበጥኩ፣
ሣሩ አብሮኝ መጣ፣
ተነሣሁ፣ ወደቅሁ፣
አንድም የሚጠብቅ፣ እጅ የሚሰጥ አጣሁ።
ብቻ በየጥምዝምዙ ከጭጋጉ ውስጥ
«አለህ?» ይላል አንዱ፣ እግሩን ሳይገታ።
«አለሁ!»
እላለሁ፣ አፈር እየተፋሁ፣ እየሣቅሁ በደስታ።

ሰኞ። ሰኞ ገበያ። ከሱቅ ሱቅ ስሄድ
አንዱ ደጃፍ ላይ ጫማ፣ ክሩ ቀይ ገመድ፣
ታጥቦ ተሰጥቷል። ቀና አልኩ። እንድሪስ።
ዐይኑ ከማኅተሜ ወደ ፊቴ ሲመለስ
አልሣቀም፣ አልከፋም። ሚዛኑን ጎተተ።
የነሐሱን ኪሎ አስቀመጥኩ። መርፌው ዋተተ፣
ዋተተና ቆመ።
ሃያ ግራም ይጎድላል።
ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ስኳር የምትገዛው
ሴትዮ ዘንቢሏን ይዛ ታየናለች።
«ጻፈው» አለ እንድሪስ።
«ትናንት አልጠበቅንህም፤ ዛሬ አትጠብቀን።»

ጻፍኩ። ፈረመ። ቅጂውን አጠፈና
በሚስማር ሰካው፤ ዞረ እንደገና፤
«ረቡዕ በገራዶ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።
ጭቃ አለው» አለኝ።
እስከ ቀጣዩ ሱቅ
ክብደቶቼ ሻንጣ ውስጥ ሲንጫጩ ተሰማኝ።